የበረንዳው ሥራና ያልተጻፈው ውል

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)

   

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ የበረንዳ ጉዳይ ነው። «በዚህ ሰዓት ስለ በረንዳ ይወራል እንዴ?» የሚል አድማጭ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ አንዲት እናት የላኩልንን ደብዳቤ ካነበብን በኋላ ነገሩ የሲሚንቶና የአሸዋ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። የገንዘብ ሐቅ አለበት፤ የጉርብትና ሐቅ አለበት፤ የቀን ሠራተኞች ላብም አለበት። ደብዳቤውን በሙሉ ለማንበብ ጊዜ ስለማይበቃን አሳጥሬ ልንገራችሁ።

እኚህ እናታችን ከቤታቸው ፊት ለፊት 6 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ በረንዳ አላቸው። ሊሾው ከተሠራ ብዙ ዘመን ስለሆነው ተሰነጣጥቋል፤ በክረምት ውሃው ወደ ግቢው መውረዱን ትቶ ወደ ሳሎን ይገባል። የልጃቸው ኒካሕ ሲቃረብ «እንግዳ ሳይመጣ ላሳድሰው» ብለው ተነሡ። እዚያው ሰፈር መስጂድ የሚሰግድ፣ በጀመዓው ዘንድ የሚታወቅ አንድ ኮንትራክተር ነበረና እርሱን ጠሩት። በር ላይ ቆመው ተነጋገሩ፤ ዋጋ ተቆረጠ፤ «በሁለት ሳምንት አስረክባለሁ» አለ። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። «ሲሚንቶ ሳይወደድ ልግዛ» ብሎ ከጠቅላላው ክፍያ ከግማሽ በላይ ተቀበለ። ሦስት የቀን ሠራተኞች ይዞ መጥቶ አሮጌውን አፈረሰ፤ ቆፈረ፤ ጥቂት ሲሚንቶና አሸዋ አራገፈ፤ በአምስተኛው ቀን ቀረ። ሲደወልለት «ነገ ኢንሻአላህ» ይላል። ነገው ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። (እግረ መንገዴን ልበለውና፣ «ኢንሻአላህ» የምንለው ልንፈጽመው ቆርጠን ለተነሣንበት ነገር ነው። ላለመምጣት የወሰነ ሰው «ነገ ኢንሻአላህ» ሲል የአላህን ስም ለማታለያ እያዋለ ነው፤ ይህ ከበረንዳው መቆፈር የከፋ ነው።) ሰኔ ገባ፤ ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ሦስቱ የቀን ሠራተኞች «የአራት ቀን ዋጋችን አልተከፈለንም» ብለው ወደ እናታችን በር መጡ።

በእኛ አገር ቤት በረንዳ ማለት ሁለተኛ ሳሎን ነው። እንግዳ ጫማውን የሚያወልቀው፣ በረመዳን ማፍጠሪያው የሚዘረጋው፣ ቡና የሚፈላው፣ ለደስታም ለለቅሶም የመጣ ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ተቆፍሮ ሲቀር ቤተሰቡ መግቢያ መውጫ ያጣል። ስለዚህ የእናታችን ምሬት አይገርመንም።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እንዲህ የሚል ነው፦ «አብሮኝ የሚሰግድን ወንድሜን ውል እንጻፍ ብለው አለማመን አይሆንብኝም ወይ? ያፈርኩት ለዚህ ነበር።»

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነዋል። በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሚናገር እናስታውስ። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ሲሆን ርዕሰ ጉዳዩ የጊዜ ገደብ ያለውን ዕዳ ስለ መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊውና ስለ ምስክሮቹ ነው። ጥሪውም የቀረበው ለአማኞች ነው፤ ከአንቀጹ የመጀመሪያ አድማጮች መካከል ሶሓባዎች ነበሩ። እነርሱ ጻፉ ከተባሉ፣ እኛ በምን ሒሳብ ነው ከመጻፍ በላይ የተማመንነው? መጻፍ የሚጠቅመው ሌባን ለመያዝ ብቻ አይደለም። ሁለት ቅን ሰዎችም የተነጋገሩትን በሁለት ዓይነት ያስታውሳሉ። «ደረጃውም አብሮ ይሠራል ብለሃል» ትላለች እርሷ፤ «በረንዳ ብቻ ነው ያልኩት» ይላል እርሱ፤ ሁለቱም ሳይዋሹ ይካሰሳሉ።

ሌላም ነገር አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ዐብዱላህ ኢብን ኡረይቂጥ በዚያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። መንገዱን በሚገባ የሚያውቅና አደራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ግመሎቹን አስረከቡት፤ ከሦስት ሌሊት በኋላ በሠውር ዋሻ እንዲያገኛቸው ተቀጣጠሩ፤ በቀጠሮውም መጣ። ሥራው፣ ቦታውና ቀኑ ተለይቶ ታውቆ ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ግንበኛ ስንመርጥ የሰውየውን ጺም አይተን ቱንቢውን ሳናይ እንቀጥራለን። ሰጋጅነት ትልቅ ነገር ነው፤ የግንበኝነት ማስረጃ ግን አይደለም። ማስረጃው ከዚህ በፊት የሠራው ሥራ ነው፤ ያውም ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበት። ሄዳችሁ እዩት፤ የቤቱን ባለቤትም «በቀኑ አስረከባችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ለማድረግ ግማሽ ቀን ይበቃል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ምክንያቱም «ውል ጻፉ» ማለት ብቻውን አይጠቅምም። «በረንዳ ለማደስ ተስማምተናል» ተብሎ ቢጻፍ ያው ምንም አልተጻፈም። አንዱ ሰው «ማደስ» ሲል አሮጌው ሊሾ ላይ ሴራሚክ መለጠፍ ማለቱ ነው፤ ሌላው ሊሾውን አፍርሶ አዲስ ሊሾ ማፍሰስ፤ ሦስተኛው ደግሞ እስከ አፈሩ ቆፍሮ ከሥር መሥራት። የሦስቱ ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። የፊቅህ ሊቃውንት «ገረር» እያሉ የሚያስጠነቅቁን እንዲህ ያለውን፣ የሚሸጠውም የሚገዛውም በውል ያልታወቀበትን ስምምነት ነው።

የእናታችን በረንዳ ለምን እንደተሰነጠቀ ስናስብ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አፈሩ ነው። በአዲስ አበባ፣ በተለይ በቦሌና በአካባቢው፣ ጥቁር ሸክላ አፈር በብዛት አለ። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ይጨማደድና ይሰነጠቃል። በላዩ የፈሰሰ ሊሾ በየዓመቱ ከሥር ይገፋል፣ ይለቀቃል፤ በስተመጨረሻ ይፈነዳል። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ አዲስ ሴራሚክ መለጠፍ ገንዘብን ጭቃ ላይ መዝራት ነው። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ መተካት አለበት፤ ገረጋንቲውም በአንድ ጊዜ ተገልብጦ ሳይሆን በግምት በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል። ከዚያ የድንጋይ ንጣፉ፣ ከዚያ ኮንክሪቱ። ኮንትራክተር ሲቸኩል የሚዘለው ይህን የማይታየውን ክፍል ነው፤ ስለዚህ ውሉ ላይ ጥልቀቱ በሳንቲ ሜትር ይጻፍ፤ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊትም ባለቤቱ ወይም የሚያምኑት ሰው በሜትር ለክቶ ይየው።

ኮንክሪቱን በተመለከተ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 6 በ4 ሜትር 24 ካሬ ሜትር ነው። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 2.4 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር በሆነ ድብልቅ ለአንድ ሜትር ኩብ በግምት ባለ 50 ኪሎ 7 ከረጢት ሲሚንቶ ይገባል። ስለዚህ ለኮንክሪቱ ብቻ 17 ከረጢት ገደማ፣ ማለትም 8 ኩንታል ተኩል ያስፈልጋል። ሊሾውና የሴራሚኩ ማጣበቂያ ከዚህ ውጭ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለቤት «30 ኩንታል ያስፈልጋል» ሲባል ይጠይቃል፤ «4 ኩንታል ይበቃል» ሲባልም ይጠይቃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

ውሃው ወደ ሳሎን የሚገባው ደግሞ በረንዳው ዘንበልታ ስለሌለው ወይም ዘንበልታው ወደ ቤት ስለሆነ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ከቤቱ ወደ ውጭ ዝቅ ማለት አለበት። 4 ሜትር ስፋት ላለው በረንዳ ከግድግዳው ሥር እስከ ጫፉ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ይህ በዓይን አይታወቅም፤ በውሃ ልክ ነው የሚታወቀው። የበረንዳው ወለል ከሳሎኑ ወለል ዝቅ ማለቱም አይዘንጋ። አሮጌው ላይ ሴራሚክ የሚደርቡ ሰዎች ከፍታው ከሳሎኑ ጋር እኩል ይሆንባቸውና ክረምት ሲመጣ ምንጣፋቸውን ያሰጣሉ።

ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን በውሃ እየራሰ መቆየት አለበት። በዚህ ላይ ባለቤቶችም እንቸኩላለን፤ «ደርቋል እኮ፣ ሴራሚኩን ለምን አይጀምርም?» እያልን። ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ሴራሚኩም ሲመረጥ የሚያብረቀርቀው ያምራል፤ ነገር ግን ዉዱእ አድርጎ በእርጥብ እግር ለሚወጣ አዛውንት አደጋ ነው። ለደጅ ሻካራው ይሻላል። ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱን ሴራሚክ በሳንቲም አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ማጣበቂያ አልደረሰውም።

ዕቃውን ማን እንደሚያቀርብም ይለይ። ባለቤቱ ዕቃውን ሁሉ አቅርቦ ሠራተኛው ጉልበቱንና ሙያውን ብቻ ካመጣ ነገሩ ኢጃራ ነው። ሠራተኛው ዕቃውንም ሥራውንም ችሎ አጠናቆ የሚያስረክብ ከሆነ፣ በተለይ የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት በስፋት ያብራሩት ኢስቲስናዕ ይሆናል። መቀመጫውን ጂዳ ያደረገው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳለፈው ውሳኔ በኢስቲስናዕ ውል ዋጋውን በክፍል በክፍል መክፈል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገልጿል። ስለዚህ «ሙሉውን ካልከፈልሽ ሐላል አይሆንም» የሚል ኮንትራክተር ካጋጠማችሁ አትደናገጡ። ክፍያው ዓይን ከሚያየው ሥራ ጋር ይታሰር። ቁፋሮውና ሙሌቱ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ኮንክሪቱ ሲፈስ ይህን ያህል፣ ሴራሚኩ ሲያልቅ ይህን ያህል። የመጨረሻዋ ድርሻ ደግሞ ጎማ ተዘርግቶ ውሃ ተለቅቆበት፣ ውሃው ወደ ቦዩ መሄዱ ታይቶ ትከፈል። «ዝናብ ሲዘንብ እከፍልሃለሁ» ማለት ግን ጥሩ አይደለም፤ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና ለሠራተኛው በደል ነው።

ዋጋ ስለ መናሩ የኮንትራክተሮችን እሮሮም እንስማ፤ ሐቅ አለበት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ የነካበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላም ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ በብር ሲታሰብ ከፍ ብሏል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1764 የውሉ አፈጻጸም ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆንም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ሕጉ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ድሃ ግንበኛ በኪሳራ እንዲሠራ ማስገደድ ጥራቱን ከመስረቅ ሌላ መንገድ አይተውለትም። እኔ የሚሻለው የምለው ሲሚንቶውንና ሴራሚኩን ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ እንዲያቀርብና ኮንትራክተሩ በእጅ ዋጋ ብቻ እንዲዋዋል ነው። ድካሙ ለባለቤቱ ይበዛል፤ ነገር ግን ንትርኩ በግማሽ ይቀንሳል። ደግሞ ባለቤቶችም በሥራው መሐል «እግረ መንገድህን ያቺንም ደረጃ» ማለታችንን እንተው። የተጨመረ ሥራ የተጨመረ ዋጋ አለው።

ወደ ሦስቱ የቀን ሠራተኞች እንመለስ። በደብዳቤው ውስጥ እናታችንን ይበልጥ ያስጨነቃቸው ይህ ነው፤ «በበሬ ላይ የለፋ ሰው ሐቅ ከልጄ ኒካሕ ጋር ይቆጠርብኝ ይሆን?» ይላሉ። አላህ ይህን ጭንቀታቸውን ይቀበላቸው። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስለ መክፈል የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። የቀጠራቸው ግን ኮንትራክተሩ ነው፤ ዋጋቸውም በእርሱ ጫንቃ ላይ ያለ ዕዳ ነው። እናታችን ለአራቱ ቀን ሥራ ከበቂ በላይ ለእርሱ ከከፈሉ ሁለተኛ ጊዜ የመክፈል ግዴታ የለባቸውም። ይሁንና ሁለት ነገሮችን ይመርምሩ። አንደኛ፣ ሠራተኞቹን በራሳቸው ቃል ያዘዟቸው ሥራ ነበረ ወይ? ሶፋ አሸክመው፣ የጓሮውን ቦይ አስጠርገው ከሆነ የዚያ ዋጋ የእርሳቸው ነው። ሁለተኛ፣ ለኮንትራክተሩ ገና የሚከፈል ቀሪ ካላቸው፣ ሽማግሌ ፊት እርሱን አስፈቅደው ከዚያው ላይ ለሠራተኞቹ በቀጥታ ቢሰጡ የሁሉም ሐቅ ይወጣል። ኮንትራክተሮችም ይህን ልብ በሉ፦ በቀን የተቀጠረ ሰው በሰዓቱ ተገኝቶ ሲሚንቶ ስላልመጣ ሥራ ፈትቶ ቢውል የቀን ዋጋው አይቀርበትም። ራሱን ለሥራ አዘጋጅቶ ቀርቧልና። «ዛሬ አልሠራችሁም» ብሎ ማሰናበት ግፍ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄያቸው ረቀቅ ያለ ነው። «በዘገየበት ቀን ልክ ቅጣት እንዲከፍል ውል ላይ ቢገባ ወለድ አይሆንም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው የብዙ ነጋዴዎችም ስለሆነ በደንብ እንየው። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2000 በሪያድ ባካሄደው ጉባኤ የቅጣት አንቀጽን አጥንቶ፣ የውሉ ግዴታ የገንዘብ ዕዳ ካልሆነ በቀር እንደሚፈቀድ ወስኗል። ኮንትራክተር ያለበት ሥራ ነው፤ ሥራን በማዘግየቱ ለደረሰው ጉዳት ቅጣት ቢስማሙ ሪባ አይሆንም። ባለቤቱ ያለበት ግን ገንዘብ ነው፤ ክፍያ ባዘገየ ቁጥር ጭማሪ ይክፈል ማለት ያው ሪባ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የቅጣት አንቀጽ ከሕግ ቤት ቅጂ ገልብጠን የምንፈርም ሰዎች እንጠንቀቅ። ኮንትራክተሩ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ከዘገየም አይቀጣም። በሌላ በኩል እናታችን በውላቸው ውስጥ ቅጣት የሚል ቃል ስላልነበረ አሁን ከራሳቸው አውጥተው ሊጥሉበት አይችሉም፤ በመዘግየቱ በተጨባጭ የደረሰባቸውን ጉዳት ግን መጠየቅ ይችላሉ።

ታዲያ አሁን ምን ያድርጉ? አንዳንድ ሰዎች «ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይክሰሱት» ብለዋቸዋል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ሥልጣናቸውን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስ፣ በወቅፍ፣ በስጦታና በመሳሰሉት ላይ የወሰነ ነው፤ የግንባታ ውል እዚያ አይታይም። ጉዳዩ የመደበኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ሽምግልና አለ። መጀመሪያ ሁለት ምስክሮች ባሉበት እስካሁን የተሠራው ሥራ በሜትር ይለካ፣ ፎቶ ይነሣ፣ የቀረው ሲሚንቶና አሸዋ ይቆጠር። ይህ ሳይደረግ ሌላ ግንበኛ አስገብተው ካስጨረሱ፣ የፊተኛው ምን ሠርቶ ምን እንደቀረ የሚያስረዳ ማስረጃ አይኖርም። ቀጥሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍለት፤ በዚህ ቀን ካልጀመርክ ከዚያ በኋላ ሥራህን አልቀበልም የሚል። ሕጉም በአንቀጽ 1772 እና በ1774 የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከዚያ በመስጂዱ ሽማግሌዎች ፊት ይቅረብ፤ ከሠራው በላይ የወሰደውን ይመልስ ወይም ሥራውን ይጨርስ።

ለወደፊቱ ስለ ቀብድም እንወቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቅድሚያ ክፍያና ቀብድ አንድ አይደሉምና ደረሰኙ ላይ የትኛው እንደሆነ በስሙ ይጻፍ። የተቀባዩ መታወቂያ ቅጂም ይያያዝ። የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ዋስ እንደሆነ አንቀጽ 3039 ይደነግጋል፤ ሰውየው የት እንደሚገኝ ካላወቅን ግን ይህ መብት ወረቀት ላይ ይቀራል።

የመጨረሻው ጥያቄያቸው «ለሰው ብናገር ሐሜት ይሆንብኛል?» የሚል ነው። ኢማም አን-ነወዊ «ሪያዱ ሷሊሒን» በተባለው ኪታባቸው ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል፤ የተበደለ ሰው ሊረዳው ለሚችል አካል አቤት ማለቱና ሌላውን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ለሽማግሌዎቹ መናገር ይችላሉ። «ይህን ሰው ልቅጠረው ወይ?» ብሎ ለሚጠይቃቸውም የሆነውን ያህል ብቻ መናገር ይችላሉ። ቡና ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ ማንሣት ግን አይፈቀድም። በመንገድ ሲያገኙትም ሰላምታውን አይንፈጉት፤ ገንዘባቸውን ለመጠየቅ ሰላምታ እንቅፋት አይሆንም።

ለጊዜው ጉድጓዱ እንዳያድርባቸው ከጎኑ ወደ ግቢው ዝቅተኛ ቦታ የሚወስድ ቦይ ይቆፈር፤ ከላይ ሸራ ይወጠር፤ በግድግዳው ሥር ውሃ አይተኛ፤ መሠረቱን ይጎዳልና። ኮንክሪቱን በዚህ ዝናብ ለማፍሰስ አይቸኩሉ። ኒካሑን ጎረቤት ግቢ ድንኳን ጥለው ማድረግ ይችላሉ። የቀረው ሲሚንቶ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ። መስከረም ላይ ከረጢቱ ሲከፈት በእጅ የማይደቅ ጓል ያለበትን ለኮንክሪት አያስገቡት፤ «ወንፊት ነፍቶ ይሆናል» የሚል ግንበኛ ቢመጣም እሺ አይበሉት።